ከባርነት ታሪክ ጉዞ የተያዙ መታሰቢያዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝበ እስራኤልን እየመራ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ከየነገዱ አንዳንድ ሰው ተመርጦ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲያነሡ ታዘዘ። ምክንያቱ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ተጽፏል። በኋላ ዘመን ልጆች የእነዚህ ድንጋዮች ነገር ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው። ድንጋይ አፍ የለውም፤ ነገር ግን ልጅን ያስጠይቃል፣ አባትን ያናግራል። የመታሰቢያ ሥራው ይህ ነው።

ከዚያም አስቀድሞ ሌላ መታሰቢያ ነበረ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ የግብፃውያንን ብርና ወርቅ ይዘው ወጡ። ሙሴ ግን የዮሴፍን ዐፅም ይዞ እንደ ወጣ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 13 እናነባለን። ዮሴፍ ማን ነው? ወንድሞቹ በሃያ ብር የሸጡት ሰው ነው። ከባርነት ቤት የወጣ ሕዝብ አርባ ዓመት በምድረ በዳ የተሸከመው ከሁሉ የከበረ ዕቃ የአንድ የተሸጠ ወንድም ዐፅም ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ክረምት ከምማርበት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ጋር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በአላባማ፣ የባርነትንና በዘር ላይ የተመሠረተ ግፍን ታሪክ የሚያስተምሩ ቦታዎችን ተዘዋውረን ተመልክተናል። በእኛ ልማድ ከጉዞ የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤተ ዘመድ አይገባም፤ ከኢየሩሳሌም የመጣ መስቀልና ሻማ፣ ከገዳም የመጣ ጸበልና እመነት ያካፍላል። እኔም ከዚህ ጉዞ የያዝኳቸውን ጥቂት መታሰቢያዎች ላካፍላችሁ እወዳለሁ። በዋጋ ሲታዩ ኢምንት ናቸው፤ የሚያስጠይቁት ጥያቄ ግን ከባድ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጥጥ ፍሬ

የመጀመሪያው መታሰቢያ ከአንድ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ የገዛኋት የደረቀች የጥጥ ፍሬ ናት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጥጥ የእናቶቻችንን እንዝርት፣ የሸማኔውን መወርወሪያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለብሰነው የምንሄደውን ነጠላና ጋቢ ያስታውሰናል። በአላባማ የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ነጩን ጥጥ አቅፎ የያዘው ቅርፊት ሲደርቅ ጫፉ እንደ እሾህ ይሾላል፤ ቀኑን ሙሉ የሚለቅም ሰው ጣቱ ይደማል። በባርነት የተያዙት ሰዎች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ይለቅሙ ነበር። ማታ የለቀሙት ይመዘናል፤ ከተወሰነው ልክ የጐደለበት ይገረፋል።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። ከዐሥራ ስድስተኛው እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነው የአትላንቲክን ውቅያኖስ እንዲሻገሩ ተገደዋል። በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ የቀሩት መቃብራቸው ባሕር ሆነ። አብዛኞቹ ወደ ብራዚልና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተወሰዱ። ዛሬ አሜሪካ ወደምንላት አገር በቀጥታ የመጡት 388 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። በ1860 በተደረገው ቈጠራ ግን በዚያች አገር በባርነት ሥር የነበሩት ቍጥራቸው ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ባርነት ከእናት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ በሕግ ተደንግጎ ስለ ነበር ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ የሌላ ሰው ንብረት ይባል ነበር።

በ1793 ኤሊ ዊትኒ የተባለ ሰው የጥጥ መዳመጫ መኪና ሠራ። የሰውን ድካም የሚቀንስ ይመስል የነበረው መሣሪያ ድካሙን አበዛው፤ መዳመጡ ሲፈጥን ጥጥ መዝራት እጅግ አዋጭ ሆነ፣ ለመዝራትና ለመልቀምም ብዙ ጉልበት ተፈለገ። በ1808 ባሪያ ከውጭ አገር ማስገባት በሕግ ሲከለከል ነጋዴዎቹ ወደ አገር ውስጥ ንግድ ዞሩ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ካሉ ግዛቶች ተነቅለው ወደ አላባማ፣ ወደ ሚሲሲፒና ወደ ሉዊዚያና የጥጥ እርሻዎች ተነዱ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለየ። በአላባማ ወንዝ ዳር ያለችው የሞንትጎመሪ ከተማ የዚህ ንግድ ታላቅ ገበያ ሆነች። ዛሬ ጎብኚ በሚመላለስበት ኮሜርስ ጎዳና ያን ጊዜ ከእንፋሎት መርከብና ከባቡር የወረዱ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ወደ መሸጫው ይነዱ ነበር።

የአሽሊ ከረጢት

ሁለተኛው መታሰቢያ በማስታወሻ ደብተሬ በእርሳስ የሣልኩት የአንዲት ከረጢት ሥዕል ነው። ከጉዞው በፊት እንድናነብ ከተሰጡን ታሪኮች አንዱ የእርሷ ነበር።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሳውዝ ካሮላይና ሮዝ የተባለች በባርነት የምትኖር እናት ነበረች። አሽሊ የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጇ ተሸጠች። እናቲቱ ሽያጩን ማስቀረት አልቻለችም። የቻለችው አንድ ነገር ነው፦ ከጥጥ የተሠራች ከረጢት አንሥታ አንድ ያረጀ ቀሚስ፣ ሦስት እፍኝ ፒካን የሚባል የለውዝ ዓይነት ፍሬ፣ ከራሷም ፀጉር የተቈረጠ ጉንጉን ጨመረችባት። ከረጢቷ ምንጊዜም በፍቅሯ የተሞላች መሆኗን ነግራ ልጇን ሸኘቻት። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አልተያዩም።

ይህን ያወቅነው እንዴት ነው? የአሽሊ የልጅ ልጅ ሩት ሚድልተን በ1921 ይህን ታሪክ በጥቂት መስመሮች በከረጢቷ ላይ በክር ጠልፋ ስለ ጻፈችው ነው። ከረጢቷ ከብዙ ዘመን በኋላ በ2007 በቴነሲ ግዛት በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ተገኘች። ታሪክ ጸሐፊዋ ታያ ማይልስም በ2021 ስለ እርሷ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመች።

እስኪ የእናቲቱን ሥራ ልብ እንበል። በአገራችን ልጇን ወደ ሩቅ አገር የምትሸኝ እናት ስንቅ ትቋጥራለች፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ታሲዛለች። ስንቅ ርኃብ ብቻ አያስታግሥም፤ አንተ የእገሌ ልጅ ነህ፣ የምታስብህ አለች ይላል። የባሪያ ገበያው አሽሊን በዋጋ መዝገብ ላይ ጻፋት፤ ሮዝ ግን ልጅነቷን በስንቅ አጸናችላት። ቀሚሱ ለገላዋ፣ ፍሬው ለረኃቧ፣ ፀጉሩ ለናፍቆቷ ነው። ሕጉ የሮዝን ልጅ ከሮዝ መውሰድ ቻለ፤ ሮዝን ከልጇ ልብ ማውጣት ግን አልቻለም። ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ አንዲት የልጅ ልጅ መርፌና ክር ይዛ መቀመጧ ለዚህ ምስክር ነው።

ክፉ መታሰቢያ

ሁሉም መታሰቢያ እንዲህ ያለ አይደለም። ቀጥዬ የምነግራችሁ በእጄ ያልያዝኩትን ነው፤ ማንም ክርስቲያን በእጁ ሊይዘው አይገባምና።

ባርነት በአሜሪካ በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ። ነጻ የወጡት ሰዎች ጥቂት ዓመታት የመምረጥና የመመረጥ መብት አግኝተው ነበር። በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት ወታደሮቹን ከደቡብ ሲያወጣ ግን የሽብር ዘመን ተጀመረ። የሽብሩ ዋና መሣሪያ እኛ የመንጋ ፍርድ የምንለው ነው፦ ሰውን ያለ ዳኛና ያለ ምስክር በአደባባይ ሰቅሎ ወይም አቃጥሎ መግደል። መቀመጫውን በሞንትጎመሪ ያደረገው፣ ብራያን ስቲቨንሰን የተባለ የሕግ ባለሙያ የመሠረተው ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ የተባለ ድርጅት ከ1877 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ብቻ በዚህ መንገድ የተገደሉ ከ4,400 የሚበልጡ ጥቁር አሜሪካውያንን መዝግቧል።

ከዚህ ሁሉ በጣም ያስደነገጠኝ የገዳዮቹ መታሰቢያ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1899 በጆርጂያ ግዛት በኒውነን ከተማ አጠገብ ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ በእሳት ተቃጥሎ ተገደለ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ከአትላንታ በባቡር ተሳፍረው ሊመለከቱ የመጡ ብዙ ነበሩ። ሬሳውን ቈራርጠው ለማስታወሻ ተከፋፈሉት፣ ሸጡትም። ታላቁ ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ስለዚህ ነገር የጻፈውን ይዞ ወደ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ የሟቹ የጣት አጥንት በአንድ ሱቅ መስኮት ለዕይታ መቅረቡን ሰማ፤ ከመንገዱም ተመለሰ። ያን ቀን በባሕረ ሐሳብ ስናሰላው ሚያዝያ 16 ቀን 1891 ዓ.ም. ይሆናል፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሆሣዕና በዓል የተከበረበት ዕለት ነው። እዚህ ዘንባባ ተይዞ ሲዘመር በዚያ የሰው አጥንት ለመታሰቢያ ይሸጥ ነበር።

በ1916 በቴክሳስ ግዛት በዌኮ ከተማ ጄሲ ዋሽንግተን የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ከ10,000 በማያንስ ሕዝብ ፊት ተቃጠለ። ፎቶግራፍ አንሺ ቦታ ይዞ አነሣው፤ ሥዕሉም ፖስት ካርድ ሆኖ ተሸጠ። በዚያ ዘመን ሰዎች እንዲህ ያለውን ካርድ ለእናታቸውና ለወንድማቸው ሰላምታ ጽፈውበት ይልኩት ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ በፖስታ እንዳይላክ በ1908 ቢከለከልም በኤንቨሎፕ ተሸፍኖ መላኩ አልቀረም።

ከፎቶግራፎቹ ላይ የሚታዩትን ፊቶች አስተውሉ። የሚሸሸግ የለም። የእሑድ ልብሳቸውን የለበሱ፣ ሕፃናትን በትከሻቸው የተሸከሙ፣ ፈገግ ያሉ አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተጠመቁ፣ መዝሙር የሚዘምሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በቤታቸው ያለ ሰዎች ነበሩ። እኛን ክርስቲያኖችን ሊያስጨንቀን የሚገባው ይህ ነው።

ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ቃለ እግዚአብሔርን ከመቍረጥ ጀምሮ የመጣ ነው። በ1807 በለንደን በእንግሊዝ የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች ለነበሩ ባሮች ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። አዘጋጆቹ ከብሉይ ኪዳን አብዛኛውን፣ ከሐዲስ ኪዳን እኩሌታ ያህሉን አውጥተው ጣሉ። የዮሴፍን ታዛዥነት አስቀሩ፤ ሙሴ ሕዝቡን ከባርነት የመራበትን ታሪክ አስወገዱ። መታሰቢያ ከተነጠቀ ልጅ አይጠይቅም፣ አባትም አይመልስም ብለው አስበው ነበርና።

የቀደሙ አባቶቻችን ግን እንዲህ አላስተማሩም። ቅዱስ ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም ባሪያ የሚገዙትን አጥብቆ ገሠጸ። አሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል፤ ዓለም በሙሉ የአንዲት ነፍስን ያህል ዋጋ ከሌለው የእግዚአብሔርን አርአያ ስንት ብር ትገዙታላችሁ? እግዚአብሔር እንኳ ነጻ ያወጣውን ሰው መልሶ ወደ ባርነት አይጥልም፤ እናንተ ማን ናችሁ?

በማሰሮ የተቀመጠ አፈር

ሦስተኛው መታሰቢያ በደብተሬ የገለበጥኳቸው ስሞች ናቸው። በሚያዝያ 2018 በሞንትጎመሪ ኮረብታ ላይ የሰላምና የፍትሕ ብሔራዊ መታሰቢያ ተከፈተ። በውስጡ ከ800 የሚበልጡ የዛገ መልክ ያላቸው የብረት ዐምዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ዐምድ የአንድ ካውንቲ ነው፤ በላዩም በዚያ አካባቢ የተገደሉት ሰዎች ስምና ዕለተ ሞታቸው ተቀርጿል። ስትገቡ ዐምዶቹ በፊታችሁ እንደ ሰው ቆመዋል። ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ወለሉ እየዘቀጠ ይሄዳል፤ ዐምዶቹ ከእግራችሁ፣ ከወገባችሁ፣ በመጨረሻም ከራሳችሁ በላይ ይሆናሉ። ቀና ብላችሁ የተሰቀሉትን ታያላችሁ።

በቦታው የተገደሉበት ምክንያት የተጻፈላቸው አሉ። በ1940 በአላባማ በሉቨርን ከተማ ጄሲ ቶርንተን የተባለ ሰው ነጭ ፖሊስን አቶ ብሎ ባለመጥራቱ ተገደለ። በ1933 በበርሚንግሃም ኤልሳቤጥ ሎውረንስ የተባለች ሴት ድንጋይ የወረወሩባትን ነጭ ልጆች ስለ ገሠጸች ተገደለች። በእኛ ሰፈር ልጅ ሲያጠፋ የምትገሥጽ እናት እናት ትባላለች፤ እርሷ ግን ስለ ተግሣጿ ሕይወቷን ከፈለች። ስም የሌላቸውም አሉ፤ በስማቸው ስፍራ ያልታወቀ ተብሎ ተጽፏል። ለሙታን በምንጸልይበት ጊዜ የክርስትና ስማቸውን የምንጠራው በእግዚአብሔር ዘንድ ማንም ሰው ቍጥር ስላልሆነ ነው። እነዚህንም ስማቸውን የሚያውቅ አንድ አምላክ አለ።

ከመታሰቢያው ሌላ ሌጋሲ ሙዚየም በሚባለው ቤተ መዘክር ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ በአፈር የተሞሉ ከ800 የሚበልጡ የመስተዋት ማሰሮዎች አሉ። የሟቾቹ ዘመዶችና የአካባቢው ሰዎች ግድያው ወደ ተፈጸመበት ቦታ፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ድልድዩ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ደጅ ሄደው በእጃቸው ቈፍረው ያመጡት አፈር ነው። ማሰሮው የሟቹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይዟል። አፈሩ መልከ ብዙ ነው፤ ቀይ አለ፣ እንደ መረሬ የጠቈረ አለ፣ እንደ አሸዋ የነጣ አለ።

ቃየን አቤልን በገደለ ጊዜ በምድር ላይ ዳኛም ፖሊስም አልነበረም። ነገር ግን የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ተነግሮናል። የመጀመሪያው ምስክር አፈር ነው። እነዚያ ማሰሮዎች የኦሪቱን ቃል በዓይን ያሳያሉ። ገዳዮቹ የሟቹን አጥንት ለኩራት ሰበሰቡ፤ ወገኖቹ የፈሰሰ ደሙን የጠጣውን አፈር ለምስክርነት ሰበሰቡ። ሁለቱም መታሰቢያ ይባላሉ። ሰው የሚያስቀምጠው ነገር ልቡ የት እንዳለ ይናገራልና ሁለቱን ለይተን እንወቅ።

ፊቱ የጠፋው መስኮት

አራተኛው መታሰቢያ የአንድ መስኮት ፎቶግራፍ ነው። በተለይ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አድራሻው ቅርብ ነው።

መስከረም 15 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 4 ቀን 1956 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ በበርሚንግሃም ከተማ በዐሥራ ስድስተኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ይሰጥ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ይቅር ስለሚል ፍቅር ነበር። ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ የነጭ የበላይነትን የሚሰብኩ ሰዎች ከደረጃው ሥር የቀበሩት ፈንጂ ፈነዳ። በምድር ቤቱ ለአገልግሎት ይዘጋጁ የነበሩ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። አዲ ሜ ኮሊንስ፣ ሲንቲያ ዌስሊና ካሮል ሮበርትሰን የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ዴኒዝ ማክኔር ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች።

ከፍንዳታው በኋላ የጌታችን ሥዕል ካለበት ባለ ቀለም መስተዋት መስኮት ላይ የጌታ ፊት ብቻ ተነቅሎ ጠፍቶ ነበር። ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉአቸው ያለው ጌታ ከልጆቹ ጋር እንደ ተመታ ያላስተዋለ አልነበረም። በባሕር ማዶ የዌልስ ሕዝብ ይህን ሰምቶ ሳንቲም እያዋጣ ጆን ፔትስ በተባለ ሠዓሊ አዲስ መስኮት አሠርቶ በ1965 ላከ። በመስኮቱ ላይ ያለው ክርስቶስ ጥቁር ነው፤ እጆቹ ተዘርግተዋል። አንዱ እጁ ግፍን ይገፋል፣ ሁለተኛው ይቅርታን ይሰጣል ተብሎ ይተረጐማል።

ፍትሕ ግን እጅግ ዘገየ። ከወንጀለኞቹ አንዱ በ1977፣ ሁለተኛው በ2001፣ ሦስተኛው በ2002 ተፈረደባቸው። ከግድያው እስከ መጨረሻው ፍርድ 39 ዓመት ያህል አለፈ። ዳኞቹ ፊት የቀረበው ጕዳይ እንዲህ ከዘገየ በኋላ ሊሞት ያልቻለው ወላጆችና ምእመናን ስላልረሱ ነው። ይቅር ማለት መርሳት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ክርስቲያን ይቅር የሚለው የሆነውን እያወቀ፣ በስሙም እየጠራ ነው፤ ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በኋላ የችንካሩን ምልክት ከእጁ አላጠፋም።

የእኛስ ከረጢት የት አለ?

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይለን ነበር። የሌላውን አገር ኃጢአት ተመልክቶ ራስን መንቀፍ የሌለበት ታሪክ ለአንባቢ ይቀላል። ነገር ግን ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ይጠይቃሉ፤ እኛም እንመልስ።

በአገራችንም ባርነት ነበረ። ባሪያ ፈንጋዮች መንደር እያቃጠሉ ሕፃናትን ያግዙ ነበር፤ በምፅዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ወደ ዐረብ አገር የተሻገሩት ስፍር ቍጥር የላቸውም። በአገር ውስጥም ባሮች በመኳንንትና በባለጸጎች ቤት፣ በአንዳንድ ካህናት ቤትም ሳይቀር ያገለግሉ ነበር። ፍትሐ ነገሥታችን ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ እንደ ሆነ፣ ባርነት በጦርነት ምክንያት የመጣ እንደ ሆነ መስክሮ ነጻ ማውጣትን ያመሰግናል፤ ይሁን እንጂ ልማዱ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖረ። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ሞከሩ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ማግሥት፣ በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ታወጀ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዘመን የተረፉ አረጋውያን ምናልባት አሁንም በመካከላችን አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በእርግጥ አሉ።

እኛም የአሽሊን የሚመስል ከረጢት አለን። በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ኦስፕሬይ ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ይወሰዱ የነበሩ 204 የኦሮሞ ልጆችን ከጀልባዎች ላይ አስጣለ። ከእነርሱ 64ቱ በ1890 በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ተወሰዱ። በዚያም እያንዳንዱ ልጅ አገሩ የት እንደ ነበረ፣ ወላጆቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ ማን እንደ ማረከው፣ ለማን ለማን እንደ ተሸጠ ተጠይቆ ቃሉ ተጻፈ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አለ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት፤ የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ተቃውሞ ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት ዐሥር ዓመት ታሰረ። ስንቶቻችን ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ተማርን?

ከሁሉ በላይ ግን በቤታችን የቀረ አንድ ክፉ መታሰቢያ አለ። እርሱም በአፋችን የተቀመጠ ቃል ነው። ዛሬም ወጣት ወጣትን በመልኩ ጥቍረት፣ በአፍንጫው ቅርፅ፣ በትውልድ ቦታው ባሪያ ብሎ ሲሰድብ እንሰማለን። በጋብቻ ጊዜ አጥንት ቈጠራ ሲመጣ ቃሉ በሹክሹክታ ይመለሳል። አንዳንዱ ቀልድ ነው ይላል። የፖስት ካርዱ ገዢዎችም ይስቁ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ የግፍ ቅርስ ነው፤ ማንም ሳይገዛው በነጻ ይዘነው እንዞራለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሌላ ቅርስ አስረክባናለች። እኛን በጥምቀት የወለደን ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ በቀይ ባሕር ዳር ተይዞ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የቀረበ ምርኮኛ ነበር። የጵጵስናን ጸጋ በምርኮኛ እጅ የተቀበለ ሕዝብ ባሪያ ብሎ ሊንቅ የሚችለው ማንን ነው? ሰኔ 24 ቀን የምናስበው አባ ሙሴ ጸሊምም በዓለም ሳለ ባሪያ የነበረ፣ በመልኩ ጥቍረት ፊት ለፊት የተዘለፈ፣ በትሕትናው ግን የብዙ መነኮሳት አባት የሆነ ነው። የእነርሱን ሥዕል በቤታችን ሰቅለን ያንን ቃል በአፋችን መያዝ እንደማይስማማ ግልጥ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። አንደኛ፣ ያን ስድብ ከአፋችን እናውጣ፤ ሲነገር ስንሰማም ዝም አንበል። ዝም ብሎ የተመለከተ ሕዝብ በፎቶግራፍ ላይ ከገዳዮቹ ጋር ቆሞ ይታያልና። ሁለተኛ፣ አያቶቻችንንና ቅድመ አያቶቻችንን ያውቁ የነበሩ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ በቤታችን ማን አገለገለ፣ ስሙ ማን ነበር፣ ከየት መጣ? መልሱ ቢያሳፍረንም እንጻፈው፤ ሩት ሚድልተን በመርፌና በክር እንደ ጻፈች እኛም በብዕር እንጻፍ። ሦስተኛ፣ በቅዳሴ ጊዜ ስለ ተማረኩትና ስለ ታሰሩት ሲጸለይ ልባችን ከዲያቆኑ ድምፅ ጋር ይሁን፤ ስማቸው ያልታወቀውን ሁሉ እያሰብን አቤቱ ይቅር በለን እንበል።

እስራኤል የዮሴፍን ዐፅም እስከ ሴኬም ተሸክመው በአባቱ ርስት ቀበሩት፤ የተሸጠው ወንድም በመጨረሻ ወደ ቤቱ ገባ። እኛም የተሸጡትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ወደ መታሰቢያችን እናስገባቸው ዘንድ አምላካችን ልቡናውን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።